ናፖሊዮን ያልመጣበት ሜዳ

ከለንደን መሐል ተነስቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ፔዳል የረገጠ ሰው የኬንትን ኮረብቶች ሲወጣ ሲወርድ ይውልና አፕልዶር የምትባል መንደር ሲደርስ ዳገቱም ቁልቁለቱም በአንድ ጊዜ ያበቃለታል። ከዚያ ወዲያ እስከ ባሕሩ ድረስ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። በጎች ይታያሉ፤ ውሃ የቋጠሩ ቦዮች፣ እዚህም እዚያም ብቻውን የቆመ ቤተ ክርስቲያን፣ ዳር ላይ ደግሞ የካምበር የአሸዋ ክምሮች። አገሩ የሮምኒ ረግረግ ይባላል። ስፋቱ 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው በኬንት፣ ጥቂቱ በምሥራቅ ሰሴክስ ግዛት ይገኛል። ባሕር ሳይሻገር የሆላንድን ዓይነት መንገድ መንዳት የፈለገ የለንደን ብስክሌተኛ ወደዚህ ይወርዳል።

የዚህ ሜዳ ታሪክ የሚያስቅ ነገር አለው። በብዙ ገንዘብና በብዙ ላብ ከተሠራበት ነገር አብዛኛው የተሠራው ይመጣል ተብሎ ለተፈራ፣ ነገር ግን ላልመጣ ጠላት ነው። ማንም ያላሰበለት ብስክሌተኛ ግን መጣ፤ ቦዩንም መንገዱንም ወረሰ። እንዴት እንደወረሰ ለማወቅ ከመሬቱ መነሳት ይሻላል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መሬቱ እንዲሁ የተገኘ አይደለም። ባሕሩ ጠጠርና ደለል እያመጣ ሲከምር፣ ገበሬዎችና የካንተርበሪ መነኮሳት ከኋላው እየተከተሉ በአፈር ግድብ እያጠሩ፣ ውሃውን በቦይ እያስወጡ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ከባሕር ላይ ቆርሰው የወሰዱት ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን የኒው ሮምኒ ወደብ በደለል መዘጋት ሲጀምር፣ ከአፕልዶር እስከ ከተማዋ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የውሃ መውረጃ በሁለት ግድቦች መካከል አበጁ፤ ወንዙን አምጥተን ደለሉን እናጥባለን ብለው። ሪ ዎል ይሉታል። ወደቡን ግን አላዳነም። በ1287፣ በእኛ አገር አጼ ይኩኖ አምላክ ባረፉ በሁለተኛው ዓመት፣ ከባሕር የተነሳ ማዕበል አሮጌዋን የዊንቸልሲ ከተማ አጠፋት፤ የሮዘርን ወንዝ አፍ ከኒው ሮምኒ ነጥቆ ራይ ወደምትባለው ከተማ አዛወረው፤ ወደቡን በጭቃና በጠጠር ሞልቶ የባሕር ከተማ የነበረችውን ኒው ሮምኒን የየብስ ከተማ አደረጋት። ዛሬም የቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያኗን ለመግባት ደረጃ መውረድ ያስፈልጋል፤ ከበሩ ውጭ ያለው መሬት በዚያ ደለል ከፍ ብሎ ቀርቷልና። የሪ ዎል ግድብም አልጠፋም። ከአፕልዶር ወደ ኒው ሮምኒ የሚወስደው አስፋልት በብዙ ቦታ የተዘረጋው በእሱ ጀርባ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ሜዳው ለበግ እንጂ ለሰው አልተመቸም። ወባ ነበረበት። ቆላ ወርዶ ታሞ የተመለሰ ዘመድ ያለው ሁሉ ነገሩ ይገባዋል፤ እንግሊዝ አገር ወባ ነበረ ሲባል ግን ዛሬ ለራሳቸው ለእንግሊዞቹም ይደንቃቸዋል። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን በረግረጉ ደብሮች የሚሞተው ሰው በአቅራቢያው ካለው ኮረብታማ አገር እጅግ ይበልጥ ነበር። ከቄሶቹ እንኳ ብዙዎቹ ደብራቸውን በሩቁ እያስተዳደሩ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይኖሩ ነበር። ሰው የሳሳበት፣ በግ የበዛበት፣ ፈረንሳይ የሚቀርበው አገር ደግሞ ለኮንትሮባንድ ይመቻል። በመጀመሪያ የበግ ጸጉር በሌሊት ይወጣ ነበር፤ ኋላ ሻይ፣ ትምባሆና አረቄ መግባት ጀመረ። በ1821 ብሩክላንድ በምትባለው መንደር አጠገብ ኮንትሮባንዲስቶችና የመንግሥት ጠባቂዎች እንደ ጦር ሜዳ ተታኩሰዋል።

መንገዶቹ የዚያን ዘመን መልክ እንደያዙ ቀርተዋል። መሐንዲስ አልቀየሳቸውም። የእርሻ ድንበርና ቦይ እየተከተሉ ስለወጡ ትንሽ ቀጥ ብለው ይሄዱና፣ ዳገት ሳይኖር፣ ወንዝ ሳይኖር፣ ድንገት በቀኝ ማዕዘን ይታጠፋሉ። ዛሬ አንገቱን ደፍቶ እየበረረ የሚመጣ ብስክሌተኛ ፍሬን የሚይዘው የመካከለኛው ዘመን ገበሬ የበግ መስኩን ያጠረበት ጥግ ላይ ነው። ጥጉን የሳተ ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ቦዩም ከላይ በሸምበቆ ስለሚሸፈን ጥልቀቱ የሚታወቀው ከገቡበት በኋላ ነው።

በ1804 ረግረጉ የመንግሥት ራስ ምታት ሆነ። ናፖሊዮን ከባሕሩ ማዶ ቡሎኝ ላይ ጦሩን አስፍሯል፤ ጠፍጣፋ ጀልባዎች ያሠራል። ሮምኒ ላይ ካረፈ ደግሞ ለንደን ሩቅ አይደለችም። መጀመሪያ የታሰበው ጠላት ብቅ ሲል የባሕሩን በሮች ከፍቶ ሜዳውን በሙሉ ማጥለቅለቅ ነበር። ሌተና ኮሎኔል ጆን ብራውን የተባለ መኮንን ግን አንድ የሐሰት ወሬ በመጣ ቁጥር አገር ከሚጠፋ፣ ረግረጉን ከኮረብታው የሚቆርጥ ቦይ እንቆፍር አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊሊያም ፒት ሐሳቡን ወደደው፤ መሬታቸው የሚነካባቸውንም ባለርስቶች ራሱ አግባባቸው። ኦክቶበር 30 ቀን 1804 ሃይዝ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ፣ ሲብሩክ ላይ ቁፋሮው ተጀመረ።

የቆፋሪው መሣሪያ ዶማ፣ አካፋና የእጅ ጋሪ ነበር። ቦዩ ከላይ 19 ሜትር ስፋት፣ 3 ሜትር ጥልቀት እንዲኖረው ታስቧል። ውሃው ከሥር እየፈለቀ አስቸገረ፤ ብርዱና ዝናቡ ተጨመረበት፤ ተቋራጮቹም ሥራውን መግፋት አቃታቸው። በ1805 ተሰናበቱ፤ የስመ ጥሩው መሐንዲስ የጆን ሬኒ ድርሻም በዚያው አበቃ። ሥራው ለጦሩ ተላልፎ በ1806 1,500 ያህል ሰዎች ይቆፍሩ ነበር። የወጣውን አፈር በሰሜን በኩል፣ ማለትም በተከላካዩ ወገን ከመሩት፤ እሱ ምሽግ ሆነ። ከምሽጉ ጀርባ፣ ጠላት ሳያያቸው ወታደርና መድፍ የሚመላለሱበት መንገድ ተዘረጋ።

ቦዩ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በየ500 ሜትሩ ገደማ ትንሽ ይሰበራል። ካርታ ላይ ያየው ሰው ቆፋሪዎቹ መስመር የሳቱ ይመስለዋል፤ ግን ሆን ተብሎ ነው። በየስብራቱ መድፍ ቢቆም የሚቀጥለውን የውሃ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጠርገዋል፤ ቦዩን በጀልባ ወይም በዋና ሊሻገር የገባ ሁሉ ከጎኑ ይመታል። ከአፕልዶር ወደ ራይ የሚወርደው መንገድ እስከ ዛሬ ወታደራዊ መንገድ እየተባለ ነው የሚጠራው፤ ውሃው ከመንገዱ ጎን ጎን ይሄዳል። በዚያ ላይ ሲነዱ፣ ዓይንን ከጎማው አንስቶ ውሃውን ለተመለከተ፣ አንዱ ስብራት አልፎ ሌላው ሲመጣ ይታያል። በዚህ አገር ካሉት የብስክሌት መንገዶች ሁሉ እኔ የማደላው ለዚህ ነው፤ አንድ ሰው ጦርነት በልቡ ይዞ የቀየሰው ነገር በሰላም ጊዜ ይህን ያህል መመቸቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በ1809 ሥራው ሲያልቅ፣ ወንዞቹን ጨምሮ ከሲብሩክ እስከ ክሊፍ ኤንድ 45 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የውሃ መስመር ተገኘ፤ 234,000 ፓውንድ ፈጅቷል። ናፖሊዮን ጦሩን ከቡሎኝ ካነሳ ግን ዓመታት አልፈዋል። ኦክቶበር 1805 መርከቦቹ ትራፋልጋር ላይ ተሰባብረዋል፤ ፒት ራሱ ጃንዋሪ 1806 ሞቷል። ባሕሩ ዳር ላይ ደግሞ ከፎክስተን እስከ ሲፎርድ 74 ክብ የመድፍ ማማዎች ቆመዋል፤ እነሱም ለወረራ አንድ ጥይት አልተኮሱም። ዊሊያም ኮቤት የተባለው ጋዜጠኛ በ1823 በዚያ በፈረስ ሲያልፍ፣ ራይንንና ዳኑብን የተሻገረ ሠራዊት ይህችን ቦይ ይፈራል ወይ በሚል መንፈስ ተሳልቆበታል። ነገር ካለፈ በኋላ መሳለቅ ቀላል ነው፤ በ1804 ሃይዝ ላይ ቤት የነበረው ሰው እንደ ኮቤት አይስቅም ነበር። መንግሥት ወጪውን ለመመለስ በጀልባውና በመንገዱ ላይ ቀረጥ ጣለ። በ1851 ከአሽፎርድ ወደ ሄስቲንግስ ባቡር ሲዘረጋ የቀረጡ ገቢም ደከመ፤ የመጨረሻው ቀረጥ በ1909 ተከፍሎ ነገሩ ተዘጋ።

ቦዩ ዳር አንድ ሌላ ነገር ተሠርቷል፤ ለእኛ አንባቢ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በ1853 የብሪታንያ ጦር ሃይዝ ላይ የተኩስ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ከፈተ። መኮንኖች ከየክፍለ ጦሩ እየመጡ ዒላማ መምታትን ተምረው፣ ሌላውን ሊያስተምሩ ይመለሱ ነበር። ኤፕሪል 1868 እሮጌ ላይ የአጼ ቴዎድሮስን ሠራዊት በስናድር ጠመንጃ የፈጀው ጦር የተኩስ ሥርዓቱን የቀዳው ከዚህ ቤት ነው። ናፖሊዮንን ጠብቆ ያጣው የሃይዝ ዳርቻ ሥራ ያገኘው ከመቅደላ ሥር ነው ማለት ይቻላል።

መቅደላ በተቃጠለች በዓመቱ፣ ፌብሩዋሪ 1869፣ ጆን ሜያል የተባለ ወጣት ከፓሪስ በመጣ ሁለት እግር መኪና ከለንደን ተነስቶ ብራይተን ገባ። ቀኑን ሙሉ ፈጅቶበታል። ፔዳሉ ፊተኛው ጎማ ላይ የተሰካ፣ ካቴና የሌለው፣ ጎማው እንጨትና ብረት የሆነ ዕቃ ነበር። ጋዜጦች አወሩለት፤ ለንደኖችም ባሕሩ በራሳቸው እግር የሚደረስበት መሆኑን አዩ።

በ1878 የብስክሌት ተጓዦች ማኅበር ተቋቋመ። ከአምስት ዓመት በኋላ የብስክሌተኞች የጉብኝት ክለብ ተብሎ ስሙ ተለወጠ። ክለቡ አደገኛ ቁልቁለት ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይተክል ነበር፤ ለአባላቱ ጥሩ መኝታና ምግብ ያለው ቤት ግድግዳ ላይ ክንፍ ያለው ጎማ የተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ ይሰቅል ነበር። ከዚያ ሦስት ነገሮች በአራት ዓመት ውስጥ ተደራረቡ። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ የሁለቱ ጎማዎች መጠን የሚቀራረብ፣ የኋላውን በካቴና የሚያዞር ብስክሌት አወጣ። በ1888 ቤልፋስት የሚሠራው የእንስሳት ሐኪም ጆን ዳንሎፕ በነፋስ የሚሞላ ጎማ አስመዘገበ። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ ብስክሌትን ከሠረገላ ቆጥሮ መንገድ ላይ መብት ሰጠው፤ ደወልም አስገደደው። ሐኪም፣ ጸሐፊ፣ የሱቅ ሠራተኛ፣ ወይዘሮም ሳትቀር ብስክሌት ላይ ወጣ።

ከነዚህ ሰዎች አንዱ ኤች ጂ ዌልስ ነበር። በልጅነቱ ጨርቃ ጨርቅ ቤት ተለማማጅ ሆኖ የተሰቃየው ዌልስ፣ በ1896፣ እኛ ዓድዋ ላይ በዋልንበት ዓመት፣ የጨርቅ ቤት ሠራተኛ ዓመታዊ ዕረፍቱን በብስክሌት ሲያሳልፍ የሚተርክ ልብ ወለድ አሳተመ። ራሱም ነጂ ነበር። በ1898 በጋ እሱና ሚስቱ ጄን ከለንደን ዳር ከሚኖሩበት ዉስተር ፓርክ ተነስተው በብስክሌት ወደ ደቡብ ባሕር ወረዱ። መንገድ ላይ ጉንፋን ይዞት ነበር፤ ኩላሊቱ ተነሳና ትኩሳት ጣለው። የሚያውቀው ሐኪም ሄንሪ ሂክ ኒው ሮምኒ ነበርና በባቡር ወደዚያ ወሰዱት፤ ሐኪሙ ቤት ተኝቶ ማገገም ጀመረ።

አንድ ቀን ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከራይ በብስክሌት መጥተው ጠየቁት። አንዱ በዚያው ዓመት ራይ ላምብ ሐውስ ውስጥ ኑሮውን የጀመረው አሜሪካዊው ደራሲ ሄንሪ ጄምስ ነው፤ ዕድሜው 55። ሁለተኛው ሃያሲው ኤድመንድ ጎስ ነው። ዌልስ ደስ አለው። ሁለት የተከበሩ ሰዎች፣ በአስፋልት ያልተነጠፈ መንገድ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሜዳ አቋርጠው፣ ገና ስሙ መነሳት የጀመረን ወጣት ጸሐፊ ሊጠይቁ! አየሩ ጥሩ ስለሆነ ወጣ አልን ብለው እየተጨዋወቱ ስለ ኑሮው በዘዴ ጠየቁት። በኋላ ነገሩ ተገለጠለት፤ ለተቸገሩ ደራስያን የሚረዳ የንጉሣዊ ገንዘብ አለ፣ ሰዎቹ የመጡትም ዌልስ እርዳታ ያስፈልገው እንደሆነ ሊያጣሩ ነው። አላስፈለገውም። ነፋሱ እንደ ልማዱ ከደቡብ ምዕራብ ነፍሶ ከሆነ፣ ጄምስና ጎስ ሲመጡ ከኋላ እየገፋቸው ሳቅና ጨዋታ ነበር፤ ሲመለሱ ግን ለደራሲ ቃል ያሳጣል።

ዌልስ አገሩን አልተወም። ከሃይዝ ጎን ሳንድጌት ላይ ቤት አሠርቶ በ1900 መጨረሻ ገባ፤ ቦዩ የሚጀምርበት ሲብሩክ ከዚያ በእግር የሚኬድ ነው። በ1905 ያሳተመው ኪፕስ የሚባለው መጽሐፉ ጀግናውን ያሳደገው ኒው ሮምኒ ውስጥ ነው።

ለመዝናናት የሚነዳው እንዲህ በነጻነት ሲመላለስ፣ ሊወዳደር የፈለገው ግን ተሸሸገ። ፖሊስ መንገድ ላይ የሚሽቀዳደሙትን ያሳድድ ስለነበር፣ የብስክሌተኞች ብሔራዊ ኅብረት መንግሥት ጨርሶ እንዳይከለክለን ብሎ በ1890ዎቹ በአባላቱ ላይ የመንገድ እሽቅድምድምን ከለከለ። እልኸኞቹ ዘዴ ፈጠሩ። ኦክቶበር 1895 የለንደኑ ኖርዝ ሮድ ክለብ ነጂዎቹን አንድ በአንድ እየለቀቀ ከሰዓት ጋር አወዳደራቸው። ሥርዓቱ አገሩን ያዘ። ማልዶ ገና ሳይነጋ፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ጥቁር ለብሰው፣ ቦታው በቁጥርና በፊደል ብቻ በሚታወቅ መንገድ ላይ፣ ተወዳዳሪ ሳይመስሉ ይወዳደሩ ነበር። ሜዳ የሆነ ጸጥ ያለ አገር ለዚህ ዓይነቱ ውድድር ይፈለጋል፤ ሰዓት የሚበላው ዳገት ነውና። ፈረንሳይ ቱር ደ ፍራንስን ስትፈጥር፣ ቤልጂግ የፍላንደርስን ውድድር ስታከብር፣ እንግሊዝ በገዛ ፍርሃቷ ብስክሌቷን በጓሮ በር ታስወጣ ነበር።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ረግረጉ ደግሞ ሌላ ጠላት ጠበቀ፤ አሁን ከሰማይ። ከ1928 እስከ 1930 ደንጅነስ በሚባለው የባሕር ዳር አጠገብ፣ ጠጠሩ ላይ፣ ሦስት የኮንክሪት ጆሮዎች ቆሙ። ትልቁ 60 ሜትር የሚረዝም ጎባጣ ግድግዳ ነው። የሚመጣ አውሮፕላን ድምፅ ሰብስቦ ለአድማጩ ይሰጣል ተብሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ራዳር መጣና ጆሮዎቹን ሥራ ፈት አደረጋቸው። በዚያው ሰሞን፣ በ1927፣ ካፒቴን ሃዊ የተባለ ባለጸጋ የእሽቅድምድም መኪና ነጂ ከሃይዝ እስከ ኒው ሮምኒ ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ዘረጋ፤ በሐዲዶቹ መካከል ያለው ርቀት 38 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዓመቱ ደንጅነስ ደረሰ። ዛሬም ያፏጫል፤ ለመዝናኛ የተሠራው ሥራ ላይ ሲቆይ ለጦርነት የተሠራው የሰው ማያ ሆኖ ቀረ።

1940 እውነተኛው ፍርሃት ነበር። ዳንኬርክ ከወደቀች በኋላ የሂትለር የወረራ ዕቅድ ይህን ዳርቻ ከማረፊያዎቹ አንዱ አደረገው። የፒት ቦይ ከ130 ዓመት በኋላ እንደገና መከላከያ መስመር ሆነ፤ ዳርና ዳሩን የኮንክሪት መትረየስ ቤቶች ተተከሉ። በየመንታ መንገዱ የነበሩት አቅጣጫ ጠቋሚዎች ጠላትን እንዳይመሩ ተነቀሉ። የካምበር አሸዋም ሽቦና ፈንጂ ለበሰ። ሂትለርም አልመጣም። በ1944 ሜዳው በተራው ወራሪ ሆነ፤ ለሰሜን ፈረንሳዩ ጦር ነዳጅ በባሕር ሥር ባለፈ ቧንቧ ከደንጅነስ ወደ ቡሎኝ ይገፋ ጀመር። ገፊዎቹ ሞተሮች የባሕር ዳር ጎጆ በሚመስሉ ቤቶች ውስጥ ተደብቀው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ካምበር የፊልም ሥራ አገኘ፤ በ1958 የወጣው የዳንኬርክ ፊልም የባሕር ዳርቻ ትዕይንት የተቀረጸው በነዚህ የአሸዋ ክምሮች ላይ ነው።

ጦርነቱ ነጂዎቹንም ደፋር አደረጋቸው። በ1942 ፐርሲ ስታላርድ መንገዱ ከመኪና ባዶ መሆኑን አይቶ ከዌልስ አገር ወደ ዉልቨርሃምተን ሁሉም አብሮ የሚነሳበት ግልጽ ውድድር አካሄደ። ኅብረቱ አባረረው፤ እሱም የራሱን ማኅበር መሠረተ። ጠቡ እስከ 1959 ቆየ። ጠቡ ሳይበርድ የተካሄደው የ1956 የሜልቦርን ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችንም ልካለች። በዚያ የመንገድ ውድድር እንግሊዛዊው አላን ጃክሰን የነሐስ ሜዳሊያ ሲወስድ የእኛው ገረመው ደንቦባ 24ኛ ወጣ። ቡድናችን ከኋላው ጓሮ በር አልነበረውም፤ በፊት ለፊት ነው የነዳው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የመኪና ናቸው። ለንደኖች ብስክሌታቸውን ሸጠው መኪና ገዙ። ደንጅነስ ላይ በ1965 የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ በ1983 ሁለተኛው ተከተለ። ዛሬ ሁለቱም ሥራ አቁመዋል፤ ግዙፍ አካላቸው ግን ከሜዳው ከየትኛውም ማዕዘን ይታያል፣ ለነጂ አቅጣጫ ጠቋሚ ሆኖ ቀርቷል።

ብስክሌቱን የመለሰው ብሪስቶል ውስጥ በ1977 የተጀመረ እንቅስቃሴ ነው። ሰስትራንስ የተባለው ድርጅት የተዘጉ የባቡር መስመሮችንና የቦይ ዳሮችን ወደ ብስክሌት መንገድ መለወጥ ያዘ። በ1995 ከብሔራዊ ሎተሪ ገንዘብ 43.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሰጠው አገር አቀፍ መረብ ዘረጋ፤ ጁን 2000 ተመረቀ። ቁጥር 2 የተባለው የደቡብ ባሕር መስመር በሃይዝ ቦዩን ይዞ ይወጣና ረግረጉን ሊድ በምትባለው ከተማ በኩል አቋርጦ በካምበር ራይ ይገባል።

ከሊድ እስከ ካምበር ያለው ክፍል ከሁሉም ይለያል። በአንድ ወገን በባሕሩና በመንገዱ መካከል የጦሩ የተኩስ ሜዳ ነው፤ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ተኩስ አለ ማለት ነው። በሌላው ወገን ጠጠር ከተዛቀባቸው ጉድጓዶች የተሠሩ ሐይቆች አሉ። ለብስክሌት የተለየችው ጠባብ መንገድ ከአጥሩ ጎን ትሄዳለች። ነፋስ ከሆነ አሸዋው አስፋልቱ ላይ እንደ ጭስ ይሳባል፤ ካቴናው ውስጥ ይገባና መንኮሽኮሽ ይጀምራል፤ ነጂውም ማርሹን ዝቅ አድርጎ መሪው ላይ ይተኛል። የአሸዋ ክምሮቹ ራሳቸው በእንጨት አጥርና በተተከለ ሣር ነው የተያዙት። ያለዚያ ነፋሱ ወደ መንደሩ ይጭናቸዋል።

ጁላይ 2007 ቱር ደ ፍራንስ ከለንደን ተነሳ። የመክፈቻው አጭር ውድድር 7.9 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ፋቢያን ካንቸላራ አሸነፈ። ቀኑ የለንደን ባቡሮችና አውቶቡስ በቦምብ የተመቱበት ሁለተኛ ዓመት ነበር። በማግስቱ ውድድሩ 203 ኪሎ ሜትር ነድቶ ካንተርበሪ ገባ፤ ሮቢ ማኪዊን መድረሻው ሲቃረብ ወድቆ ተነስቶ አንደኛ ወጣ። ለቴሌቪዥኑ ኮረብታ ይሻላል ብለው ይሆናል፣ ረግረጉን በስተደቡብ ትተውት በቴንተርደንና በአሽፎርድ አለፉ። በሦስተኛው ቀን ግን ከባሕሩ ማዶ ከዳንኬርክ ተነስተው ወደ ጌንት ሲነዱ ያገኙት ያንኑ አገር ነው። ሜዳ፣ ቦይ፣ ከኋላቸው የአሸዋ ክምር። ኬንት የራሷን ሜዳ ልታሳይ ስትችል ለፍላንደርስ ተወችላት።

ያ ከማዶ ያለው ሜዳ ምን እንደሚያደርግ በ2015 ታየ። በቤልጂጉ የጌንት ዌቭልጌም ውድድር ነፋሱ ነጂዎችን እያነሳ ቦይ ውስጥ ይወረውር ነበር፤ የዌልስ አገሩ ገራይንት ቶማስ ከነብስክሌቱ ከመንገድ ተጠርጎ ወድቆ፣ ተነስቶ ሦስተኛ ወጣ። ማርች 27 ቀን 2022 በዚሁ ውድድር አስመራ ተወልዶ ያደገው ቢንያም ግርማይ አሸነፈ። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ከባሕር ወለል በታች ባለ ሜዳ ነፋስ ተሸሽጎ መንዳትን ተምሮ የፍላንደርስን ሰዎች በአገራቸው ሲቀድም፣ ለንደን ያለን ሐበሾች በየካፌው ምን ያህል እንደጮህን መናገር አያስፈልግም።

ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ የድሮው የጉብኝት ክለብ፣ አሁን ሳይክሊንግ ዩኬ የሚባለው፣ ኬንትን የሚዞር 233 ኪሎ ሜትር መንገድ አወጣ፤ ካንቲ ዌይ ይባላል። ከዋይ ተነስቶ በካንተርበሪ፣ በማርጌት፣ በዶቨርና በፎክስተን ይዞርና ደንጅነስን ረግጦ ረግረጉን አቋርጦ ይመለሳል። ለለንደን ሰው ግን ሙሉውን መዞር ግዴታ አይደለም። ከ2009 ጀምሮ ከሴንት ፓንክራስ አሽፎርድ በፈጣን ባቡር 40 ደቂቃ አይሞላም፤ ከዚያ በሄስቲንግስ ባቡር ራይ ይወረዳል። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ከሆነ ከራይ ተነስቶ በካምበርና በሊድ ወደ ሃይዝ መንዳት ነው፤ የሊትል ቼይን ኮርት 26ቱ የነፋስ ተርባይኖች ፊታቸውን ወዴት እንዳዞሩ ማየት ይበቃል። ከምሥራቅ ከነፈሰ ደግሞ ጉዞውን ገልብጦ ከሃይዝ ጀምሮ ራይ ላይ ባቡር መያዝ ነው።